የመታጠቢያ ቤት መስታወት ለምን ይጠቁራል? መከላከያውስ ምንድን ነው?

የዲፓርትመንታችን ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ትላልቅ ጉዳዮች ነው። እኔ ግን ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አንዲት የቤት ዕቃ ነው። «ስለ መስታወት ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ፤ ኬሚስትሪ ከላብራቶሪ ወጥታ ቤታችን ድረስ የምትመጣው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የተወለድኩትም ያደግኩትም ኢሉባቦር፣ ኡካ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ አንድ ዓመት ቡናው ጥሩ ዋጋ አወጣለትና ለእናቴ ከመቱ ትልቅ መስታወት ገዛላት። እንዳይሰበር በብርድ ልብስ ጠቅሎ፣ መንገዱን ሁሉ ጉልበቱ ላይ ይዞት እንደመጣ እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች። እሱ ካረፈ ከዓመታት በኋላ ቤቱ ሲታደስ በሲሚንቶ የተለሰነ መታጠቢያ ቤት አሠራንና መስታወቱን እዚያ ሰቀልነው። ሁለተኛው ክረምት ሳያልቅ ከግርጌው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ አለ። እኔም ቆሻሻ መስሎኝ ጨርቅ በረኪና ነክሬ ጠርዝ ጠርዙን ፈተግኩት። ጭራሽ ባሰበት! እናቴ «ዕቃም እንደ ሰው ያረጃል» ብላ ተወችው። እኔም የበረኪናውን ነገር ሳልነግራት ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእርጅና አለመሆኑ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ነው።

መስታወት ከምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን መስታወት ማለት ብርጭቆው ይመስለናል። የሚያሳየን ግን ብርጭቆው ሳይሆን ከጀርባው የተለበጠው ብር ነው። ድሮ የብርጭቆው ጀርባ በቆርቆሮ ማዕድንና በሜርኩሪ ቅልቅል ይለበጥ ስለነበር ሠራተኞቹ በሜርኩሪው ይመረዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ብርን ከሲልቨር ናይትሬት ውህድ አውጥቶ ብርጭቆ ላይ ማጣበቅ የሚቻልበትን ዘዴ አሳየ። እኛም በላብራቶሪ የቶለንስን ሙከራ ስንሠራ የምናየው ይህንኑ ነው። የሙከራ ቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ድንገት እንደ መስታወት ሲያብረቀርቅ ክፍሉ ሁሉ «እሰይ!» ይላል።

ይህ የብር ልባጥ በጣም ስስ ነው፤ አንዲት የራስ ፀጉር በውፍረት በመቶዎች እጥፍ ትበልጠዋለች። ስለዚህ በፋብሪካ በላዩ ላይ ሌላ መከላከያ ይደረግበታል። በተለመደው አሠራር ብሩ ላይ ስስ መዳብ፣ ከዚያም ቀለም ይደረባል። ታዲያ የፊቱን ብርጭቆው፣ የጀርባውን ቀለሙ ይጠብቀዋል። ጠርዙንስ ማን ይጠብቀው? መስታወት ቤት ሄደን በምንፈልገው ልክ ስናስቆርጥ የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን ይቀራል። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው?

ብር በንጹሕ ውሃ ብቻ በቀላሉ አይበላሽም። እርጥበቱ ግን መንገድ ይሆናል፤ ሌሎች ነገሮችን አሟሙቶ በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ያስገባል። ከፍሳሽ ቱቦ የሚወጣው መጥፎ ሽታ ያለው ጋዝ፣ ማለትም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ብርን ሲያገኝ ጥቁር ሲልቨር ሰልፋይድ ይፈጠራል። እናቶቻችን በማተባቸው የሚያንጠለጥሉት የብር መስቀል ሲቆይ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን አዘል ውህድም ብሩን ይበላዋል። እኔ እንግዲህ ያደረግሁት ነገር ጠላትን በር ከፍቶ እንደማስገባት ነበር። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም መዳቡንና ብሩን ስለሚያጠቃ ጠርዝ ላይ መድረስ የለበትም።

ጥቁረቱ ከግርጌ የሚጀምረው ደግሞ ውሃ ቁልቁል ስለሚወርድ ነው። በመስታወቱ ፊት ላይ የተንጠባጠበው ሁሉ ታችኛው ጠርዝ ላይ ወይም ፍሬሙ ውስጥ ይጠራቀማል። በስንጥቅና በጠባብ ክፍተት ደግሞ፣ ኩራዝ ጋዝ በክሩ ወደ ላይ እንደሚስበው፣ ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል?

አገራችን ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች አንዷ ናት። ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሆኖም መስታወታችንን የሚጎዳው በዋናነት የውጪው ዝናብ ሳይሆን እኛው የምንፈጥረው እንፋሎት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ30 ዲግሪ ሙቀት እስከ 30 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ግን 17 ግራም ገደማ ብቻ ነው መያዝ የሚችለው። ትርፉ 13 ግራም ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። መታጠቢያ ቤቱ 6 ሜትር ኩብ ቢሆን 78 ግራም፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ያህል ውሃ፣ ግድግዳውና መስታወቱ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ይህም በአንድ ሰው መታጠብ ብቻ ነው! ባለ አምስት ቤተሰብ ሲሆን እናንተው አስሉት።

እናቴ በክረምት የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ዘግታ ነበር የምትከርመው። «ውጪው ራሱ ውሃ ሆኖ እየዋለ መስኮት ከፍቼ ጭራሽ እርጥበት ላስገባ?» ትለኛለች። አነጋገሯ ትክክል ይመስላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር። ነገር ግን የክረምቱ አየር ቀዝቃዛ ነው። በ17 ዲግሪ እስከ አፉ እርጥበት ቢሞላ እንኳን ከ15 ግራም አይበልጥም፤ ከተጠቀምንበት ክፍል የሚወጣው አየር ደግሞ የዚህን እጥፍ ገደማ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ወደ ውስጥ እስካልገባ ድረስ በክረምትም ቢሆን መስኮት መክፈት ያደርቃል እንጂ አያረጥብም።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ አዲስ መስታወት ከመስቀላችን በፊት ጠርዙን ዙሪያውን በደንብ ማድረቅና ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ወይም ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ መቀባት። ከጀርባውም ትንሽ ገባ ብሎ ቢቀባ ይመረጣል።

2ኛ/ መስታወቱን ግድግዳ ላይ አለመለጠፍ። ከአሮጌ ጎማ ትንንሽ ቁራጭ ቆርጠን በአራቱ ማዕዘን ከጀርባው ብናደርግ አየር ይዘዋወራል። ባለ ፍሬም ከሆነ አናጢው የታችኛውን እንጨት ሁለት ሦስት ቦታ እንዲበሳው ማድረግ፤ ውሃው ይፈስሳል።

3ኛ/ በማጣበቂያ ሲሊኮን የምንጠቀም ከሆነ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን አለመግዛት። ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ የጀርባውን ልባጥ ይጎዳል። ለመስታወት የሚሆነው አሲድ የማይለቀው ዓይነት ነው።

4ኛ/ ከታጠብን በኋላ መስኮት ወይም በር ከፍቶ ማቆየት፣ የፍሳሹን ጉድጓድም ሽታ እንዳይወጣ መክደን።

5ኛ/ መስታወቱን በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፤ በተለይ የታችኛውን ጠርዝ። ሲቆሽሽ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ሳሙና ይበቃል። ውሃውን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አትርጩት። በረኪና በፍጹም!

6ኛ/ ጉም ለሚያስቸግራችሁ፣ መስታወቱን በትንሽ ሳሙና ቀብቶ እስኪጠራ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ለጥቂት ቀናት ይረዳል። ሳሙናው ውሃው ነጠብጣብ መሆኑን ትቶ እንዲዘረጋ ያደርገዋል። ይህ ግን ለማየት እንጂ ብሩን ለማዳን አይደለም።

ማጠቃለያ

አንዴ የጠቆረ ብር በማጽዳት አይመለስም። ባለፈው እረፍት ኡካ ስሄድ ይህንን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት፤ የበረኪናውንም ነገር ያን ቀን ተናዘዝኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ያኔውኑ ብትነግረኝ ሁለት ጣት ያህል ቆርጠን እናድነው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። መስታወቱን መቱ ወስደን ባለሙያው የጠቆረውን ሲቆርጠው አራት ጣት ሙሉ ሄደ። የቀረውን ጠርዙን ቀብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አሁን ያለው ትንሽና ርካሽ፣ ጠርዙ በጥፍር ቀለም የተቀባ መስታወት ነው። መስኮቱን ደግሞ እናቴ ራሷ ናት የምትከፍተው።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ ለእረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የመስታወታችሁን ታችኛ ጠርዝ እዩልኝ። ነጠብጣቡ ገና ትንሽ ከሆነ ዛሬውኑ አድርቁት፣ ቀቡት። ያጠፋችሁትም ካለ ሳይሰፋ ተናገሩ።

ቸር ይግጠመን!