80 የሚለው ጌጅ፣ 83 የሚሄደው አይሱዙ

የመኪና ፍጥነት መለኪያ መንገዱን አያይም። የሚያየው ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው። አንድ የጎማ ዙር ምን ያህል መንገድ እንደሚሸፍን ፋብሪካው አስቀድሞ ነግሮታል፤ እሱም ያንኑ ይዞ ያባዛል። ጎማው ወልቆ ሌላ ቁመት ያለው ቢገባ የሚነግረው የለምና በድሮው ሒሳቡ ይቀጥላል። ከደጀን ተገንጥሎ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መስመር ላይ ጎማ ሲነቅልና ሲያስገባ የሚውል ጎሚስታ ይህን ያውቃል። ጎማ ለማስቀየር የሚመጣው ሾፌር የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «ይኼኛው ከፍ ያደርጋታል ወይ?»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከዋናው ተገንጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባው ጥርጊያ ግን ሐምሌ ሲገባ ሌላ መልክ ይይዛል። ያን ሁሉ ጤፍ የሚያበቅለው ዋልካ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ከባድ መኪና ካለፈበት ደግሞ ሁለት ጥልቅ ቦይ ይሆናል። ቦዮቹ መሀል የሚቀረውን ጉብታ የኋላው ዲፈረንሻል እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአካፋና የሰው ጉልበት ነው። አንድ ሌሊት ጭቃ ውስጥ ያደረ ሾፌር ጎሚስታ ቤት ሲመጣ ከፍታ ከፍታ ቢል አይፈረድበትም።

ከፍታ የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ባሌስትራ መደራረብ ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ሳጥኑ ከፍ ይላል፣ በሩቅ ሲያዩት መኪናው ያማረና የቆመ ይመስላል፤ ዲፈረንሻሉ ግን ከነበረበት አንድ ሚሊሜትር አይነሳም። አክሱ የተቀመጠው በጎማው መሀል ልክ ነውና ዲፈረንሻልን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ብዙ ገንዘብ ባሌስትራ ላይ ያፈሰሰ ባለንብረት በዚያው ጉብታ ላይ በዚያው ክረምት ሲሰካ የሚገርመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጎማ ማሳደግ ነው። እሱም ቢሆን የሚሰጠው ከታሰበው ግማሹን ነው። አይሱዙ ኤንፒአር እንደ ሞዴሉ 7.00-16 ወይም 7.50-16 ጎማ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ወደ 778 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 808 ነው። ልዩነቱ 3 ሴንቲሜትር ነው። የጎማው ግማሽ ከአክሱ በላይ ስለሆነ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው 1.5 ሴንቲሜትር ነው፤ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል። የሐምሌ ቦይ በጣት አይለካም።

ለዚያች ጣት የሚከፈለው ዋጋ ጌጁ ላይ ይታያል። 808ን ለ778 ማካፈል 1.04 ገደማ ይሰጣል፤ አዲሱ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር 4 በመቶ ያህል ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ጌጁ ቀድሞ ልክ ከነበረ፣ መርፌው 80 ላይ ሲቆም አይሱዙው 83 እየሄደ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ቆጣሪው 96 ይላል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሾፌሮች የሚያነሱት ክርክር አለ፤ እውነትነትም አለው። «ትልቁን ጎማ ካስገባሁ ወዲህ ጌጄ ከስልኬ ጂፒኤስ ጋር ተስማማ» ይላሉ። ይህ ሊሆን የሚችለው ፋብሪካዎች መርፌውን ሆን ብለው ወደ ላይ አድልተው ስለሚሠሩት ነው። የተባበሩት መንግሥታት 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ወደ ላይ ግን የፍጥነቱን 10 በመቶና ተጨማሪ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ቢያጋንን ይፈቅዳል። በዚህ ስሌት በእውነት 80 የሚሄድ መኪና ጌጁ እስከ 92 ቢያሳይ ጥፋት የለበትም። ትልቁ ጎማ የሚበላው ይህንን መጠባበቂያ ነው። ገና ካለ ጌጁ የታረመ ይመስላል፤ ካለቀ መርፌው ከእውነት በታች ወርዶ ሾፌሩን ማታለል ይጀምራል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። ከዚያው ዘንግ ይቆጥራል፣ ሆኖም ተጋንኖ ስላልተሠራ ጎማ ሲያድግ መሳሳት የሚጀምረው ወዲያው ነው። ከዚህ የሚመጣው ጣጣ የጎማ ብቻ አይደለም። ናፍጣ በኪሎ ሜትር ተሰልቶ የሚሰጠው ሾፌር ትልቅ ጎማ ከገባለት ወር ጀምሮ መዝገቡ ላይ መኪናው «መብላት» ይጀምራል። የሄደው መንገድ ያው፣ የጠጣው ናፍጣም ያው ሆኖ የተመዘገበው ኪሎ ሜትር በ4 በመቶ አንሷል። ባለንብረቱ ወይም የስምሪት ኃላፊው ቀድሞ የሚያስበው ናፍጣ ተሸጠ የሚለውን ነው። ጎማ የለወጠውን ቀንና የቆጣሪውን ቁጥር ደብተሩ ላይ የጻፈ ሾፌር በዚህ ሰዓት የሚያሳየው አለው።

አባዱላ ሚኒባስ ላይ ስህተቱ ተገልብጦ ይመጣል፤ የሚጀምረውም ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር ነው። አንዱ ጎማ 195 አር 15 ይላል፣ ሌላው 195/70 አር 15። ሻጩም ገዢውም 195ን እና 15ን አይተው «ያው ነው» ብለው ይስማማሉ። ያው አይደለም። 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 15 የቸርኬው መጠን በኢንች። መሀል ላይ የተጻፈው 70 ደግሞ የጎማው ጎን ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚናገር ነው። ምንም ካልተጻፈ በዚህ ዓይነቱ ጎማ 80 በመቶ ገደማ ተብሎ ይወሰዳል። ሲሰላ የመጀመሪያው ጎማ ቁመት ወደ 690 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው 654 ይሆናል። ሚኒባሱ ወደ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ ጌጁ 80 ሲል የሚሄደው 76 ነው። ሾፌሩ «ሞተሩ ደከመ፣ ሌላው ሁሉ ይቀድመኛል» እያለ መካኒክ ቤት ለመካኒክ ቤት ይዞራል።

ከሁሉ የሚያስቀው የላንድክሩዘር ሃርድቶፑ ነው። 7.50 አር 16 ጎማ ያለው መኪና ባለቤት ሰፊ ጎማ ከነቸርኬው ይገዛል፤ 265/70 አር 16። ከኋላ ሲያዩት ጡንቻው የተወጠረ ነው፣ ፓራፋንጎውን ይሞላዋል። ሒሳቡ ግን ወዲህ ነው፦ የ265 ሰባ በመቶ 185.5 ሚሊሜትር፤ ለሁለት ጎን ሲባዛ 371፤ የ16 ኢንች ቸርኬ 406.4 ሲደመርበት ወደ 777። ከድሮው ቀጭን ጎማ በ3 ሴንቲሜትር ያጠረ ነው። ከፍታ ሊገዛ ሄዶ ዝቅታ ከነሙሉ ዋጋው ገዝቶ ተመለሰ። ጎማ ሻጭ ቤት ደጃፍ ላይ ስልኩን አውጥቶ ይህችን ማባዛት ለሠራ ሰው 235/85 አር 16 የሚባለው ጎማ 806 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ከ7.50ው ጋር እንደሚተካከል ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ቁጥሮቹ መሀል ያለችው ሰረዝም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። 7.50-16 የሚለው በተሻገረ ክር የተሠራ የድሮው ዓይነት ጎማ ነው፤ 7.50 አር 16 ደግሞ ራዲያል። ስማቸው ቢመሳሰልም አካሄዳቸው አይገጥምምና አንድ አክስ ላይ አይደባለቁም።

አይሱዙ ላይ ጎሚስታው በእውነት የሚቆጣበት ነገር ግን ከኋላ ያለው ጥንድ ጎማ ነው። መንገድ ላይ አንዱ ይፈነዳል። ስኮርት ጎማው አልቋል ወይም ቀድሞ ወጥቷል፤ በቅርብ የተገኘው 7.50 ነው፣ ያለው 7.00። ረዳቱ «ለጊዜው ይሁን» ይላል። ጊዜያዊው ጎማ ወር ይቆያል። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ሞዞ ላይ ታስረው እኩል ይዞራሉ፤ እኩል መንገድ መሄድ ግን አይችሉም። ያለ ጭነት ሲለካ ትልቁ በአንድ ዙር 9 ሴንቲሜትር ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ይግላል፣ ትንሹ እየተጎተተ ይፋቃል። ጎኖቻቸውም ተቀራርበው ሊነካኩ ይችላሉ፤ መሀላቸው ድንጋይ የገባ እንደሆነ ደግሞ አይጣል ነው። ለዚህ መጠን ጎማ በጥንድ መካከል የሚፈቀደው የቁመት ልዩነት 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሁለቱም 7.00 ቢሆኑ እንኳ አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከሆነ ይህ ልክ ይታለፋል፤ 10 ሚሊሜትር የነበረ ጥርስ ተበልቶ 2 ሲቀር የጎማው ቁመት በ16 ሚሊሜትር ይቀንሳልና።

ከአዲስ አበባ ወደ ብቸናም ሆነ ወደ ሞጣ የሚመጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ዓባይ በረሃን ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ሕዳሴ ድልድይ፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን በድምሩ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የጎማ ለውጥ ከጌጅ ያለፈ ነገር መሆኑ እዚህ ይታያል። ጎማው በ4 በመቶ ሲያድግ ሞተሩ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ፍጥነት የሚዞረው በ4 በመቶ ያነሰ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዘው የሞተር ጉልበት በዚያው መጠን ይላላል። ፍሬኑም ያንኑ መኪና ለማቆም ረዘም ያለ ጎማ መግታት አለበትና የበለጠ ይጨመቃል፣ የበለጠ ይግላል። ዳገቱ ላይ ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ሁለተኛ ሊፈልግ ይችላል። 4 በመቶ ለብቻው መኪና ገደል አይሰድም። ሆኖም ፖርቶ መጋላው ላይ ጆንያ ተቆልሎ፣ የፍሬን ሸራው ሳስቶ፣ ጌጁ ከእውነቱ በታች እያሳየ ሲሆን አራቱም ነገሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፉት።

በሕዝብ ማመላለሻና በጭነት መኪኖች ላይ የሚገጠመው የፍጥነት መገደቢያም ከዚህ አያመልጥም። ምልክቱን ከካምቢዮ የሚወስድ ከሆነ የጌጁን ስህተት ይወርሳል፤ በ80 እንዲገታ የተሞላው በእውነት በ83 ይገታል። በጂፒኤስ የሚሠራው ግን ጎማ አይቶ አያውቅምና ልኩን ይይዛል። አንድ መኪና ውስጥ ጌጁና መገደቢያው የማይስማሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሾፌሩ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ ከመፍታቱ በፊት ጎማውን ቢያይ ይሻለዋል።

ልዩነቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጠመኔና ሜትሮ ይበቃሉ። ጎማው በልኩ ይነፋል፣ መኪናው የተለመደ ጭነቱን ይይዛል፣ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ይቆማል። ጎማው መሬት በነካበት ቦታ ላይ ጎማውም መሬቱም በጠመኔ ይሰመራል። ከዚያ መሪውን ሳያወላውሉ አምስት ዙር ወደፊት መግፋት፣ መሬቱን ለክቶ ለአምስት ማካፈል። በድሮው ጎማ 2.37 ሜትር፣ በአዲሱ 2.46 ከመጣ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ማካፈል ነው፤ ጌጁ የሚያሳየው ቁጥር በዚያ ይባዛል። ከቁመቱ ሲሰላ ከሚገኘው ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢመጣ አይገርምም፤ ጭነት የያዘ ጎማ ታች በኩል ይተኛል። ራዲያል ጎማ ደግሞ ውስጡ የብረት ቀበቶ ስላለው ነፋሱ ትንሽ ሲጎድል መኪናው ዝቅ ቢልም የዙሩ ርዝመት ብዙም አይለወጥም። «ነፋስ ቀንሼ ጌጄን አስተካክላለሁ» የሚለው ዘዴ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ጎማውን ከማቃጠል በቀር።

የጌጁን ገመድ ካምቢዮው ውስጥ የሚያዞር ትንሽ ጥርስ ባላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ያን ጥርስ ሌላ ቁጥር ባለው መለወጥ ይቻላል፣ ከተገኘ። አዲሶቹ ላይ በኮምፒውተር ማስተካከል ይጠይቃል። አብዛኛው ሾፌር ሁለቱንም አያደርግም፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ዳሽቦርዱ ላይ ይለጥፋል። ይህም ከምንም ይሻላል።

ስለ ሐምሌው ጭቃ ግን ጎሚስታው የሚመልሰው ሾፌሩ ከጠየቀው ይለያል። ዋልካ ላይ መኪና የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ የከፍታ ማነስ ሳይሆን የጎማው ጥርስ በጭቃ ተደፍኖ መንከስ ማቆሙ ነው። በመጠኑ ያው የሆነ፣ ጥርሱ ግን ጥልቅና ሰፋ ሰፋ ብሎ የተከፈተ ጎማ ለኋላው አክስ፣ ጥንዶቹም እኩል ሆነው፣ አንድ ጥንድ ሰንሰለትም ከወንበሩ ሥር። በዚህ ዝግጅት ከብቸና ገጠር የሚወጣው አይሱዙ ጌጁም ናፍጣ መዝገቡም ሳይነካ ይወጣል። አስፋልት ላይ እንዲህ ያለ ጎማ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ስለዚህ መስከረም ሲጠባ አውልቆ ለሚቀጥለው ክረምት ከፀሐይ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ የባለንብረቱ ፋንታ ነው።