በክረምት ብስክሌት ማሽከርከር፦ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ጥንቃቄ ይሻል

ብስክሌት ለጤና፣ ለመዝናኛና ለአካባቢ ጥበቃ ያለው ጠቀሜታ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል። ይህንኑ ከግምት በማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚተገበር አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ተዘጋጅቶ ወደ ሥራ የተገባ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከተማ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብርም የተመረጡ መንገዶችን ለተወሰኑ ሰዓታት ለተሽከርካሪ በመዝጋት ነዋሪዎች በእግርና በብስክሌት እንዲንቀሳቀሱ ዕድል ሰጥቷል። ከዚህ አልፈው በዕረፍት ቀናቸው ከከተማ ወጣ ብለው በአስፋልት መንገድ ረጅም ርቀት የሚያሽከረክሩም አሉ። እነዚህ ብስክሌተኞች ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት የክረምት ወራት ልምምዳቸውን የግድ ማቋረጥ አይጠበቅባቸውም፤ ሆኖም የደጋ መንገድና ዝናብ ሲገናኙ የሚፈጠረውን አደጋ አስቀድመው ሊገነዘቡት ይገባል።

የዚህ አደጋ ዋና ባሕርይ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ ጡንቻው ስለሚሠራ ሰውነቱ ይሞቃል፤ ዝናቡም ብዙ አይከብደውም። ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ግን ሁኔታው ይገለበጣል። በላብና በዝናብ የራሰ ልብሱን እንደለበሰ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በከፍተኛ ፍጥነትና በብርድ ነፋስ ውስጥ ይወርዳል። ፍሬኑ በደንብ የማይዘው፣ እጁም የሚደነዝዘው በዚሁ ጊዜ ነው። በመሆኑም በክረምት አንድ ዳገት መወጣት ያለበት፣ መውረጃው አስቀድሞ ከታሰበበት ብቻ ነው።

ለዚህ አንድ የታወቀ ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1988 በተካሄደው የጂሮ ዲ ኢታሊያ የብስክሌት ውድድር ተወዳዳሪዎች ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጋቪያ ተራራ በበረዶ ውስጥ አቋርጠዋል። ጫፉን ቀድሞ ያለፈው ኔዘርላንዳዊው ዮሃን ፋን ደር ቬልደ እጅጌው አጭር በሆነ ማልያ ነበር የወጣው፤ በቁልቁለቱ ላይ ብርዱ ስለበረታበት ለመቆም ተገደደ፤ መጨረሻው ላይ የደረሰውም ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። በአንጻሩ የአሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን ቡድን ሙቀት የሚሰጡ ልብሶችን አስቀድሞ አሰናድቶ ነበር። ሃምፕስተን በዕለቱ ሁለተኛ ሆኖ በመግባት የመሪነቱን ማልያ ለበሰ፤ በመጨረሻም ውድድሩን አሸነፈ። የሁለቱን ዕለት የለየው በዳገቱ ላይ የታየው ጉልበት ሳይሆን ለቁልቁለቱ የተደረገው ዝግጅት ነበር።

የአገራችን ደጋ እንዲህ ያለ በረዶ ባይጥልበትም የሙቀት ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። የአዲስ አበባ መሐል ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በከተማው 14 ዲግሪ ሲሆን በተራራው ላይ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በ10 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ደግሞ የሚሰማው ብርድ የ6 ዲግሪ ያህል ነው፤ ልብሱ ከራሰ ከዚህም ይብሳል።

ከመነሳት በፊት

በክረምት የማለዳው ሰማይ ጥርት ብሎ ከሰዓት በኋላ ደመናው መክበዱና ዝናቡ መውረዱ የተለመደ ነው። ስለሆነም የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ተከታትሎ በማለዳ መነሳትና እኩለ ቀን ሳይሆን መመለስ ይመረጣል። ለቁልቁለቱ የሚሆን ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ደረቅ ጓንትና ደረቅ ካናቴራ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ሊያዝ ይገባል። ጃኬቱ የሚለበሰው ብርዱ ከተሰማ በኋላ ሳይሆን ጫፉ ላይ፣ ሰውነት ገና ሳይቀዘቅዝ ነው። ጃኬት ያልያዘ ሰው ጋዜጣ አጣጥፎ ከማልያው ሥር ደረቱ ላይ ቢያደርግ ነፋሱን ይቀንስለታል። ሄልሜት ማድረግ፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ማብራትና ደማቅ ልብስ መልበስ ደግሞ በጉምና በዝናብ ውስጥ አሽከርካሪዎች ብስክሌተኛውን ከሩቅ እንዲያዩት ያስችላል።

ፍሬንና ፍጥነት

ፍሬናቸው ቸርኬውን በቀጥታ የሚይዝ ብስክሌቶች በዝናብ ጊዜ ፍሬኑ እንደተያዘ ወዲያው አይቆሙም፤ የፍሬኑ ሸራ በመጀመሪያ ውኃውን ከቸርኬው ላይ መጥረግ አለበት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 11 ሜትር ስለሚሄድ፣ ይህ አጭር መዘግየት ብቻውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በተጨማሪም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን በየጊዜው ለስለስ አድርጎ በመንካት ቸርኬውን ማድረቅ፣ ፍጥነትን ኩርባ ከመድረሱ በፊት መቀነስ፣ በኩርባው ውስጥ ግን ፍሬን በድንገት አለመያዝ ያስፈልጋል። የዲስክ ፍሬን በውኃ የሚጎዳው በመጠኑ ቢሆንም፣ ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለው መያያዝ የሚቀንሰው ለሁሉም እኩል ነው።

የመንገዱ ሁኔታ

ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አስፋልቱ ላይ የከረመውን ዘይትና አቧራ ስለሚያነሳ መንገዱን እጅግ ያንሸራትታል። የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም፣ የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳንና ከጥርጊያ መንገድ በመኪና ጎማ ወደ አስፋልት የተጎተተ ጭቃም እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሳይታጠፉና ፍሬን ሳይዙ ቀጥ ብሎ ማለፍ ተገቢ ነው። ውኃ ያቆረ ቦታ ከሥሩ ጉድጓድ ወይም ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ሊኖረው እንደሚችል መገመት፣ መንገድ አቋርጦ የሚፈስ ጎርፍ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አለመግባት ይገባል። በቡድን የሚጓዙም በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከደረቅ ቀን ይልቅ ማስፋት ይኖርባቸዋል።

መብረቅ ሲኖር

የነጎድጓድ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ስለሆነ ጉዞውን አቋርጦ ወደ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ከዝናብ ለመጠለል ተብሎ በባሕር ዛፍ ሥር መቆም ግን ለመብረቅ ራስን ማጋለጥ ነው። ጉዞው የሚቀጥለው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው።

ብርድ ሰውነትን ሲያሸንፍ

የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ የጣት መደንዘዝ፣ የንግግር መኮላተፍና ግራ መጋባት የሰውነት ሙቀት እየወረደ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ፍሬን መያዝ ስለሚያዳግተው ቁልቁለቱን በብስክሌት መቀጠል የለበትም። መጠለያ ፈልጎ እርጥብ ልብሱን እንዲያወልቅ፣ ደረቅ ልብስ ወይም ጋቢ እንዲደርብ፣ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነም ትኩስ ሻይ በስኳር እንዲጠጣ ማድረግ ይገባል። አረቄ ያሞቃል የሚለው ልማድ ትክክል አይደለም፤ አልኮል በቆዳ አካባቢ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውነት ሙቀቱን ይበልጥ እንዲያጣ ያደርጋል። ሕመምተኛው ግራ ከተጋባ ወይም ከደከመ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 መጥራት ያስፈልጋል።

በአጠቃላይ ክረምት ብስክሌትን የሚከለክል ወቅት ሳይሆን ዝግጅትን የሚጠይቅ ወቅት ነው። ጃኬቱ ቤት ከቀረ፣ ፍሬኑ ካልተፈተሸ ወይም ሰማዩ ከጠቆረ ከዳገቱ ግርጌ መመለስ እንደ መሸነፍ ሊቆጠር አይገባም። ዳገቱ በሚቀጥለው ሳምንትም በቦታው ይገኛል፤ ዋናው ነገር ብስክሌተኛው ወደ ቤተሰቡ በሰላም መመለሱ ነው።