ያልተመረጠው አምበል

በዕለተ ሰንበት ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂ በኩል ወደ ሰሚትና ወደ አያት የሚጓዝ ሰው ኳስ ሳያይ አንድ ሰፈር አያልፍም። በየኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ መካከል በተረፈችው ባዶ ቦታ ሁለት ድንጋይ ጐል ሆኖ ይቆማል፤ ትንሽ ከፍ ባለው ስፍራ ደግሞ መረብ የሌለው የቅርጫት ኳስ ቀለበት በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ከጨዋታው በፊት ሁልጊዜ የሚፈጸም አንድ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም ምርጫ ነው። ሁለት ጐበዞች ፊት ለፊት ይቆሙና «አንተ ና፣ አንተ ና» እያሉ በየተራ ይጠራሉ። በመጨረሻ ማንም ሳይጠራው የሚቀር ልጅ አይጠፋም። እርሱም ወይ ጐል ጠብቅ ይባላል፣ ወይ የጓደኞቹን ሹራብ አቅፎ ከዳር ይቀመጣል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ልጅ ዓይነት ሰው ነው።

አሜሪካኖች ይህንኑ የሰፈር ምርጫ ከፍ ያለ የንግድ ሥርዓት አድርገውታል። ኤን ቢ ኤ የተባለው የቅርጫት ኳስ ማኅበራቸው በየዓመቱ «ድራፍት» የሚሉትን ምልመላ ያደርጋል፤ ቡድኖቹም በሁለት ዙር ወጣቶችን እየመረጡ በስም ይጠራሉ። ስሙ ያልተጠራ ሰው ወይ ሌላ ሙያ ይፈልጋል፣ ወይ በአነስተኛ ሊጎችና በባዕድ አገር ቡድኖች እየተንከራተተ ዕድሉን ይሞክራል። ዳርቪን ሃም የተባለው ጐልማሳ እ.ኤ.አ. በ1996 ለቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ኳሷን ከቅርጫቱ ሲከት የመስተዋቱን ሰሌዳ ሰባብሮ በመላ አገሪቱ ታውቆ ነበር፤ የምልመላው ዕለት ግን ስሙን የጠራ ቡድን አልተገኘም። እርሱም ከቡድን ቡድን ሲዞር ቆይቶ በ2004 ከዲትሮይት ጋር የሻምፒዮንነቱን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያም በአነስተኛው ሊግ አሠልጣኝ ሆነ፣ በረዳትነትም ብዙ ዓመት አገለገለ፤ በመጨረሻም ከ2022 እስከ 2024 የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ዋና አሠልጣኝ ለመሆን በቃ።

የገርጂና የሰሚት ወጣት እንዲህ ያለውን ታሪክ ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል፤ የእንግሊዝ ቡድኖችን ተሰላፊዎችማ ከነመለያ ቁጥራቸው ይደረድርልናል። አንቀየመውም። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከፈተናው ይልቅ ለቅዳሜው ጨዋታ ስንጨነቅ የኖርን ነን። ነገር ግን በገዛ አገሩ ከሃም የበለጠ ያልተመረጠ፣ ከሃምም ይልቅ ከፍ ብሎ የታየ ሰው እንደነበረ ቢነገረው አይጠላም ብለን እናስባለን። ያ ሰው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው።

ሉቻኖ የተወለደው በአሥመራ ከተማ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ሊወር ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢጣልያዊ ወታደር ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ በዚያ ዘመን መወለዱ ብቻውን ወንጀል ይመስል ነበር። በ1929 ዓ.ም. የወጣው የፋሽስት ሕግ ከአፍሪካዊት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በ1932 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ኢጣልያዊው አባት ክልስ ልጁን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳያስመዘግብ፣ ስሙንም እንዳያወርሰው ከለከለ። ሉቻኖ በዚያን ጊዜ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። ስለዚህ የሜዳ ምርጫ ሳይደርስበት የመዝገብ ምርጫ ደረሰበት ማለት ነው። በነጮቹ ዘንድ የአገሬው ልጅ ነህ ተባለ፤ በአገሬው ዘንድ ደግሞ የጠላት ዲቃላ የሚለው ስድብ ይጠብቀው ነበር። ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ የሕይወቱን ታሪክ በኢጣልያንኛ ሲጽፍ ለመጽሐፉ የሰጠው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» የሚል መሆኑ ከዚህ የተነሣ አያስደንቅም።

ኳሱም ቢሆን በዚያ ዘመን በቀለም የተከፈለ ነበር። እዚህ አዲስ አበባ እንኳ በ1928 ዓ.ም. የተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ በጠላት ወረራ ጊዜ ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጫወት ተገዶ እንደነበረ የሽማግሌ ደጋፊዎች ወግ ነው። የኢጣልያኖቹ ቡድኖች ለብቻ፣ የአገሬው ቡድኖች ለብቻ ይጋጠሙ ነበር። ክልሱ ልጅ ከየትኛው ወገን ይሰለፍ?

ሉቻኖ መልሱን ያገኘው በሥራና በጨዋታ ነው። በአሥመራ ምድር ባቡር መካኒክ ሆኖ እየሠራ በከተማዋ ክለቦች ይጫወት ጀመር። የአሥመራ እግር ኳስ በዚያን ጊዜ የሚናቅ አልነበረም። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የሰሜኑ ቡድኖች ለአዲስ አበባዎቹ ፈተና ሆነውባቸዋል፤ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሐማሴንና አካለ ጉዛይ በተከታታይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነዋል። በኋላም ሉቻኖ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ለጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ቡድን፣ ለኮተን ተጫወተ። የዚያን ዘመን ክለቦቻችን የፋብሪካ፣ የጦር ሠራዊትና የመሥሪያ ቤት ነበሩ፦ ኮተን፣ ሲሚንቶ፣ መቻል፣ ቴሌ። የዛሬው ወጣት በሚሊዮን የሚቈጠር የዝውውር ገንዘብ ሲሰማ የሚያስበው ዓይነት ኑሮ በዚያ አልነበረም። ኮተን ግን በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ ድሬዳዋ አስገብቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ቀን እንምጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ዓርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ ሆኖ፣ ከተማው ከበዓል ገና አልወጣም። በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ይባል በነበረው ሜዳ ኢትዮጵያ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ከግብፅ ጋር ልትገጥም ነው። ግብፆች ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰዱ ናቸው። እኛን ደግሞ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም 4 ለ0፣ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ እንደገና 4 ለ0 አሸንፈውናል። ስለዚህ ቱኒዚያን 4 ለ2 ረትቶ ለፍጻሜ የደረሰው ቡድናችን ዕዳ ነበረበት። የቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ጐል ጠባቂው ጊላ ሚካኤል ተክለ ማርያም፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል።

በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ ለግብፅ አገባ። ከዕረፍት በኋላ ብዙ ቆይቶ፣ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ጮኾ ሳይጨርስ በ75ኛው ያው ባደዊ መለሰው። ሽንፈቱ እንደ ልማዱ ሊመጣ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በ84ኛው፣ አምበሉ ራሱ አገባና 2 ለ2 ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ። ኢትዮጵያ 4፣ ግብፅ 2። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የአህጉር ፍጻሜ ሁለት ጐል ማግባታቸውን ልብ በሉልን፤ ሁለቱም በሕግ ስማቸው እንዳይጠራ የተፈረደባቸው ዓይነት ልጆች ናቸው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነገር አንድ ወሬ አለ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የሚቀበለው አምበሉ ነውና፣ ከሹማምንቱ መካከል አንዳንዶቹ የኢጣልያ ስም ያለው ሰው እንዳይቀበል፣ ስሙን እንዲለውጥ ወይም ቦታውን ለሌላ እንዲለቅ ፈልገው ነበር፣ አቶ ይድነቃቸው ግን አምበሉ አምበል ነው ብለው አልተበገሩም ይባላል። የሹማምንቱን ስጋት ፈጽሞ አልተረዳንም አንልም፤ ከወረራው ገና ሃያ ዓመት ማለፉ ነበር፤ ብዙ ሰውም ቁስሉን ይዞ ይኖራል። ነገር ግን ቁስሉን ያቈሰለው ሥርዓት ያንኑ ልጅ ደግሞ የካደው ነው። ለማንኛውም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ዋንጫ የተቀበለ ሌላ ኢትዮጵያዊ አምበል የለም።

በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ ዳግመኛ በአገራችን ሲደረግ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ2 ተረታች። ሉቻኖ ለብሔራዊ ቡድን 104 ጊዜ ተሰልፎ 99 ጐል አግብቷል የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። መቶ ሳይሞላ በመቅረቱ የምንቈጨው እኛ ብቻ እንዳልሆንን እናምናለን።

ጋዜጠኞች ጐል መቍጠር እንወዳለን፤ ቀላል ነዋ። ስለዚህ የሉቻኖ ሁለተኛ ሕይወት፣ ማለት አሠልጣኝነቱ፣ በየጽሑፉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ከተጫዋችነት ከተሰናበተ በኋላ ሥራው ማሠልጠን ሆነ፤ ለብሔራዊ ቡድኑም አሠልጣኝ ሆኗል። ከዚያው ከ1954ቱ ቡድን መንግሥቱ ወርቁም እንዲሁ በኋላ ከብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኞች አንዱ ለመሆን በቅቷል። በእኛ አስተያየት ይህ ከጐሉ የሚያንስ ነገር አይደለም። ተጫዋች የሚያውቀውን በእግሩ ያሳያል፤ አሠልጣኝ ግን ያንኑ በቃል አውጥቶ ለሌላው ማስረዳት አለበት፣ ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾችም የወደቁት እዚህ ላይ ነው። ሳይመረጡ ያደጉት ግን አንድ ብልጫ ያላቸው ይመስለናል። ማንም መንገድ ስላልጠረገላቸው እያንዳንዱን ነገር ከዳር ሆነው አይተው፣ ጠይቀውና ሞክረው ነው የተማሩት፤ ስለዚህ እንዴት እንደተማሩት ያስታውሱታል። መካኒክነቱም ሳይረዳው አልቀረም እንላለን። ጥሩ መካኒክ ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት ድምፁን ያዳምጣል፤ የትኛው ጥርስ እንዳለቀ፣ የትኛው ብሎን እንደላላ ሳይለይ መፍቻ አያነሣም። አሥራ አንድ ሰው ሲንኮሻኮሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ ማወቅም ከዚህ ብዙ የራቀ ሙያ አይደለም።

ይህ ሙያ ግን በአገሩ አላቆየውም። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ዘመኑ ከፋ፤ በ1970 ዓ.ም. ግድም ሉቻኖ በጅቡቲ በኩል ከአገር ወጥቶ ኢጣልያ ገባ። የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥት እጅ የተቀበለ ሰው በአርባ ሦስት ዓመቱ ገደማ፣ ልጁ ብሎ ሊመዘግበው ባልፈለገው በአባቱ አገር፣ እንደገና ከዜሮ መጀመሩ ነው። ሮም አጠገብ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለችው በኦስትያ ጋራዥ ከፈተ። ወደ መጀመሪያው ሙያው ተመለሰ ማለት ነው። እዚያው ኦስትያ ለታዳጊ ልጆች የእግር ኳስ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ያሠለጥን ነበር። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በዚያው በኢጣልያ አረፈ።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለትዝታ ብቻ አይደለም። እዚሁ በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም አለ። የአበባውን ስም አልጠላንም፤ ያምራል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት ብዙ በር አለው፤ ለየበሩም ከቁጥር የተሻለ መጠሪያ ቢፈለግለት አይከፋም። ከገርጂ የሚመጣው ልጅ «በሦስተኛው በር እንገናኝ» ከሚል ይልቅ በይድነቃቸው በር፣ በመንግሥቱ በር፣ በሉቻኖ በር ቢቀጣጠር ምን ይጐዳል? ሉቻኖ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ በበሩ ላይ አጭር ጽሑፍ ማኖር ደግሞ ከቆርቆሮና ከቀለም የበለጠ ወጪ የለውም። የቡድኑን አሥራ አንድ ስም፣ ቀኑን፣ ጐል ያገቡትንና ደቂቃውን መጻፍ ይበቃል።

ለፌዴሬሽኑና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የምናሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጽሑፉ ሲዘጋጅ የአምበሉ ስም እንዳይለወጥ፤ እንዳለ ሉቻኖ ቫሳሎ ተብሎ ይጻፍ።