ሞተር ላይ ሙዚቃ፦ ስልካችሁ ይበቃል ወይስ ሌላ ማጫወቻ ያስፈልጋል?

ስልክ በኪሳችን እያለ ለብቻው የሙዚቃ ማጫወቻ መግዛት ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስላል። ዓለምም የሚለው ይህንኑ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን አይፖድ በ2022 ማምረት አቁሟል፤ አይፖድ የሚሠራውን ሁሉ ስልክ ስለሚሠራው። ታዲያ "ኤምፒስሪ ዛሬ ምን ያደርጋል?" ብትሉኝ፣ መልሴ "እንደ አኗኗራችሁ ነው" የሚል ነው። በታክሲ ተሳፍሮ ቢሮ ለሚውል ሰው ስልኩ ይበቃዋል። ሞተር ለሚነዳ ሰው ግን ሒሳቡ ይለያል።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ሞተርና ሳይክል ይበዛባታል። እኔም ለሥራም ለሽርሽርም የምንቀሳቀሰው በሞተር ነው፤ ሙዚቃ ደግሞ እወዳለሁ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አመል ሆኖብኝ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ወረቀት ላይ አሰላለሁ። ዛሬ ያንን ስሌት ላካፍላችሁ።

በስልክ መስማት ነፃ ነው?

አንድ ነገር የሚያስከፍላችሁ ሱቅ ውስጥ የተነገራችሁን ዋጋ ብቻ አይደለም። በእሱ ምክንያት የምታጡትም ከዋጋው ይቆጠራል። በስልክ ሙዚቃ መስማት ነፃ የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ዋጋ ስለምንረሳው ነው።

የኔ ስልክ ውስጥ ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ፣ ጽሑፎቼ አሉ። ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎች የሚደውሉልኝም በእሱ ነው። ሙዚቃ ሲያጫውት ውሎ ከሰዓት በኋላ ባትሪው ሲያልቅ ያመለጠኝ ጥሪ የሙዚቃው ዋጋ ነው። ዳታም አለ። በኢንተርኔት በመደበኛ ጥራት ሙዚቃ ስትሰሙ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትሰሙ በወር ወደ 3.6 ጊጋባይት ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ከምትገዙት ፓኬጅ ጋር አስተያዩት። ሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫነ ዘፈን ግን ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ዳታ አይበላም።

ሞተር ላይ ሲወጣ አደጋው ይጨምራል። መሪው ላይ የታሰረ ስልክ ለፀሐይ፣ ለአቧራ፣ ለዝናብና ለሌባ እጅ የተጋለጠ ነው። ንዝረቱም ቀላል አይደለም። አፕል ራሱ በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የትልልቅ ሞተሮች ንዝረት በመሪው በኩል ወደ ስልኩ እየተላለፈ የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል ገልጾ ነበር። ካሜራው ምስል እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርጉ ጥቃቅን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ስላሉት ነው።

በዚህ ላይ ስልክ መተካት ራሱ ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስልክ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር አብሮ ይወጣል። እና ገቢ የማገኝበትን ዕቃ ለሙዚቃ ብዬ መሪ ላይ ማሰር ለኔ አያዋጣም። "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" የሚለው ተረት እዚህ ቦታ ልክ ይገባል።

ሦስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው ስልኩን ራሱን መጠቀም ነው። ይህን ከመረጣችሁ መሪው ላይ ሳይሆን ዚፕ ባለው የጃኬት ኪስ ውስጥ ይሁን። ዝርዝሩን ከመነሳታችሁ በፊት አስተካክሉና መንገድ ላይ አትንኩት።

ሁለተኛው ትንሿ ኤምፒስሪ ናት። ልብስ ላይ የምትቆነጠጠው ዓይነት ለሞተር ትመቻለች፤ ቀላል ናት፣ ብትወድቅም ብትጠፋም እንደ ስልክ አታስለቅስም። እንደ ሳንዲስክ ያሉ የታወቁ ድርጅቶች የሠሯቸው በአንድ ቻርጅ ከ15 ሰዓት በላይ ይዘልቃሉ። ስም የሌላቸው ርካሾች ግን ካርቶናቸው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አያሟሉም፤ ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁ ሳትሰሙ ገንዘብ አታውጡ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ባለቁልፍ ስልክ። አዎ፣ እናቶቻችን የሚይዟት ዓይነት። ሚሞሪ ካርድ ትቀበላለች፣ የኢርፎን ቀዳዳ አላት፣ ኤፍኤም ሬዲዮ አላት፣ ባትሪዋ ቀናት ይቆያል። ሁለተኛ ሲም ካስገባችሁባት ደግሞ ዋናው ስልክ ሲዘጋ መደወያ ትሆናለች። በአንድ ዋጋ ሙዚቃም መጠባበቂያም ማግኘት ነው። ድክመቷ ብሉቱዝ ላይ ነው። ፋይል በብሉቱዝ የምትቀበል ሁሉ ድምፅ ወደ ብሉቱዝ ኢርፎን ትልካለች ማለት አይደለም። ያላችሁን ኢርፎን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው አገናኟት።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ቁልፍ። ለሞተረኛ ከሁሉም በላይ የማስቀድመው ይህን ነው። ጓንት ባደረገ ጣት፣ ሳታዩ፣ በዳበሳ ማቆምና ድምፅ መቀነስ መቻል አለባችሁ። ንክኪ ስክሪን ያላት ቆንጆ ማጫወቻ እዚህ ላይ ትወድቃለች።

ሚሞሪ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአራት ደቂቃ ዘፈን 4 ሜጋባይት ገደማ ነው። 32 ጊጋባይት ካርድ ከ7 ሺህ በላይ ዘፈን ይይዛል ማለት ነው። ማን ሰምቶ ይጨርሰዋል? ከ32 በላይ የሆኑት ካርዶች ብዙውን ጊዜ ሲመረቱ የሚዘጋጁበት ሥርዓት ስለሚለይ የቆዩ ማጫወቻዎች ላያነቧቸው ይችላሉ። የውሸት ካርድም ገበያው ውስጥ አለ፤ 64 ነኝ ይላል፣ ውስጡ ግን 8 ነው። ሲሞላ አዲሱ ፋይል አሮጌውን እያበላሸ ይሄዳል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ እስኪሞላ ጫኑበት፣ ከዚያ መጀመሪያ የጫናችሁትንም መጨረሻ የጫናችሁትንም ክፈቱ።

የፋይል ዓይነት። ከቴሌግራም የምታወርዱት ሁሉ ኤምፒስሪ አይደለም። ርካሽ ማጫወቻ የማያውቀው ፋይል ሲገጥመው ዘልሎት ያልፋል፣ እናንተ ደግሞ ዕቃው የተበላሸ ይመስላችኋል። ሌላው የራሳችን ጣጣ ፊደላችን ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች የአማርኛ ፊደል ስለሌላቸው የዘፈኑን ስም በባዶ ሣጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ይተኩታል። የዘፋኞቹን ስም በላቲን ፊደል ጽፋችሁ በፎልደር ለዩዋቸው።

ውኃና አቧራ። "ውኃ አያስገባም" የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩን ፈልጉ። አይፒ 67 የሚል ከሆነ 6ቱ አቧራ ጨርሶ አያስገባም ማለት ነው፤ 7ቱ ደግሞ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ቁጥር ከሌለው በክረምት ፌስታል የግድ ነው።

ጆሯችሁስ?

አሁን ከዕቃው ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባላል። ተረቱ ስለ ሐሜት ቢሆንም ለጤናም ይሠራል፤ ጆሮ ሲጎዳ ባለቤቱ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው።

የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው የድምፅ ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት ብቻ። ሞተር ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ሄልሜት ውስጥ የሚገባው የነፋስ ጩኸት ብቻውን ወደ 90 ዴሲቤል ይጠጋል። ሙዚቃው ከነፋሱ በላይ እንዲሰማ ድምፅ ጨመራችሁ ማለት በደቂቃዎች የሚቆጠር ዞን ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ነፋሱ ስለሚሸፍነው ግን ጩኸቱ አይታወቃችሁም። የሻሸመኔን መንገድ ጨርሳችሁ ሞተሩን ስታጠፉና ጆሯችሁ "ጭው" ሲል፣ ያ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ ጆሮ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ኢርፎን ለሞተር አልመክርም። የውጩን ድምፅ ይዘጋል። ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ ጡሩምባ፣ ከጎን የሚታጠፈው ባጃጅ፣ የራሳችሁ ሰንሰለት ሲላላ የሚያሰማው ድምፅ፣ ሁሉም መረጃ ነው። "በአንድ ጆሮ ብቻ አደርጋለሁ" የሚሉም አሉ። ከሁለቱ ይሻላል፣ ግን ድምፁ የሚመጣበትን አቅጣጫ የምንለየው በሁለት ጆሮ ነው። ገመድ አልባዎቹ ደግሞ ሄልሜት ሲወልቅ አብረው ይወድቃሉ።

የተሻለው ሄልሜት ውስጥ ከጆሮ ትይዩ የሚለጠፍ ስስ ስፒከር ነው። ጆሮን አይደፍንም፣ ቁልፉም ሄልሜቱ ጎን ላይ ነው። ሴናና ካርዶ የሚባሉት ድርጅቶች በዚህ ይታወቃሉ፣ ዋጋቸው ግን ለኛ ኪስ ይከብዳል። ርካሽ የቻይና ዓይነቶችም አሉ። የትኛውንም ብትይዙ መመሪያዬ አንድ ነው፦ ድምፁን ሞተሩ ሳይነሳ አስተካክሉት፤ ከተነሳችሁ በኋላ ነፋሱ ከሸፈነው ይሸፍነው እንጂ አትጨምሩ። መገናኛ መንገድ፣ ገበያ አካባቢና መናኸሪያ በር ላይ ደግሞ ጨርሶ ይጥፋ።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ሞተር የምትነዱት አልፎ አልፎ ከሆነ ምንም አትግዙ። ስልካችሁ ላይ ዘፈን ጫኑና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ዴሊቨሪ የምትሠሩ ከሆነ ደንበኛና ካርታ ያለው ስልካችሁ ላይ ስለሆነ ባትሪውን ለሙዚቃ አታካፍሉት፤ ባለቁልፍ ስልክ ታዋጣችኋለች፣ እሷንም ትዕዛዝ ስትጠብቁ ስሙባት። ቅዳሜና እሁድ ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ብሉቱዝ ያላት ትንሽ ማጫወቻና የሄልሜት ስፒከር አብረው ይሄዳሉ።

በጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ሄልሜታችሁ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ከሆነ ግን ምርጫው አያከራክርም። መጀመሪያ ሄልሜቱን ቀይሩ። ሙዚቃው ቤት ስትደርሱም አለ።