እኩል ተበድረው አንዱ ሲያድግ ሌላው ለምን ይወድቃል?

የገበሬ ማኅበር መሪዎች በየጊዜው የሚገጥማቸው ጉዳይ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ብድር ወስደው፣ በአንድ ገበያ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ይጀምራሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንደኛው ሥራውን ሲያስፋፋ፣ ሁለተኛው ዕዳውን ለመክፈል በሬውን ይሸጣል። ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ብድር በቡድን ዋስትና በሚሰጥበት ቀበሌ የአንዱ መውደቅ የጎረቤቶቹም ዕዳ ስለሚሆን፣ ምክንያቱን መመርመር የመሪዎች ሥራ ነው።

ገንዘብ ብቻውን በቂ አለመሆኑ በአገራችን በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች በ133 የገበሬ ማኅበራት የተካሄደና በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ብድር በገባባቸው ማኅበራት የተበዳሪው ቁጥር በግልጽ ቢጨምርም፣ በአማካይ የቤተሰቦቹ ኑሮ በአብዛኛው መመዘኛ ብድር ካልገባባቸው ጎላ ብሎ አልተለየም።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? በምዕራብ አፍሪካ የቶጎ ዋና ከተማ በሆነችው በሎሜ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ሙከራ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችና አምራቾች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። 500ዎቹ የሂሳብ አያያዝንና የገበያ ሥራን የመሳሰለውን የተለመደ ትምህርት ተማሩ። ሌሎቹ 500 የተማሩት የሥራ ጠባይን ነው፤ ይኸውም ሌላ ሰው ሳይቀሰቅሳቸው በራሳቸው መነሣትን፣ የወደፊቱን አስቀድሞ ማየትንና እንቅፋት ሲገጥም አለመታከትን ነው። የቀሩት 500 ለማነጻጸሪያ ያለ ሥልጠና ቆዩ። ከሁለት ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎ፣ ጠባይን የተማሩት ትርፍ ካልሠለጠኑት በ30 ከመቶ በልጦ ተገኘ። የተለመደውን ትምህርት የተማሩት ግን በ11 ከመቶ ብቻ በለጡ፤ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችል ልዩነት የሚለይ አልነበረም።

ጠባይ አብሮ የሚወለድ ነው፣ አይለወጥም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሎሜው ውጤት ይህን አይደግፍም። ከዚያ ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ በሕንድ አገር የካኪናዳ ከተማ ነጋዴዎችን በዚሁ መንገድ አሠልጥኖ፣ ብዙዎቹ ካልሠለጠኑት የበለጠ አዲስ ሥራ መጀመራቸውን አሳይቶ ነበር።

እርግጥ ሎሜ ከተማ ናት፤ የተመረጡትም ገበሬዎች አልነበሩም። ቢሆንም ይህ ጠባይ በገጠር ምን እንደሚመስል መሪዎች ያውቁታል። ወፍጮ ቤት የከፈተ ሰው ቺንጋው ሲበጠስበት ከተማ ልኮ ሦስት ቀን ከጠበቀ፣ እህል ተሸክመው የመጡት ሴቶች ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም በዚያው ይቀራሉ። መለዋወጫ ቺንጋ አስቀድሞ ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ግን በዚያው ቀን መፍጨቱን ይቀጥላል። ሁለቱም ስለ ወፍጮ የሚያውቁት እኩል ሊሆን ይችላል። ዶሮ እርባታም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም እንቁላል ገዢ እንደሚያጣ የክርስቲያን አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጫጩት እንቁላል ለመጣል አምስት ወር ያህል እንደሚፈልግ አስልቶ፣ ለፋሲካ እንዲደርሱለት በኅዳር ገደማ የሚያስገባው ግን ጥቂት ነው።

በስብሰባ ላይ አሳምሮ የሚናገር ሰው ለብድርና ለሥልጠና ሲታጭ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ አሠራር ቢቀር ጥሩ ነው። ከንግግሩ ይልቅ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት በእጁ በነበረው ነገር ምን እንደሠራ መጠየቅ ይሻላል። በሦስት ዶሮ ጀምራ እንቁላል ለሻይ ቤት በየሳምንቱ የምታደርስ ሴት፣ ስሟ ከባሏ ስም በታች ስለተጻፈ ብቻ መዘለል የለባትም። በሎሜ ጠባይን ከተማሩት መካከል የሴቶቹ ትርፍ በ40 ከመቶ አድጎ ነበር።

ሥልጠናውም ቢሆን በአዳራሽ ተጀምሮ በአዳራሽ፣ በአበል ክፍያ የሚያበቃ መሆን የለበትም። የሎሜዎቹ 36 ሰዓት ከተማሩ በኋላ አሠልጣኙ ለአራት ወር፣ በየወሩ ወደ ሥራ ቦታቸው እየሄደ ይጎበኛቸው ነበር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ባለበት ቀበሌ ይህን ማድረግ አይከብድም።

ይሁንና ጠባይ ዝናብ አያዘንብም፣ መንገድም አይጠርግም። ሦስት ወፍጮ ባለበት ቀበሌ አራተኛ ለማቆም የሚጠይቅ ሰው፣ ትጋቱ ምንም ቢያምር የሚፈጨውን እህል ከየት ያመጣል? ማመልከቻው ከመታየቱ በፊት፣ በገበያ ቀን በሦስቱ ወፍጮዎች ደጃፍ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ቆጥሮ እንዲያቀርብ ኮሚቴው ሊያዘው ይችላል። ቆጥሮ የሚመለሰውንና ሳይሄድ ቁጥር የሚነግረውን ለመለየት ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅም።