ጥርስን ለማቃናት ራጅ ለምን ያስፈልጋል?

ጥርሱ የተዛነፈበት ሰው ወደ ሐኪም በሄደ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ «ራጅ ተነሥተህ ና» የሚል ነው። እርሱም በልቡ «የጥርሴን መዛነፍ በመስተዋት አየዋለሁ፤ ለሐኪሙም አፌን ከፍቼ አሳይቼዋለሁ፤ ታዲያ ገንዘብ ከማስወጣት በቀር ራጁ ምን ይጨምራል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከጥርስ የምናየው ከድድ በላይ ያለውን ክፍል ብቻ ነው፤ ሥሩ በአጥንት ውስጥ ተተክሏል። ሐኪሙ ሽቦ አስሮ ጥርሱን ቀስ በቀስ ሲያንቀሳቅስ፣ የሚንቀሳቀሰው ከነሥሩ ነው። ጥርሱ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቅለታል፤ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይተካል። እንግዲህ ሥሩ አጭር ወይም የተጣመመ መሆኑን፣ አጥንቱ በድድ በሽታ መበላቱን፣ ሌላ ጥርስም በመንገዱ ላይ ተጋድሞ መገኘቱን ሳያውቁ ጥርስን መግፋት፣ መሠረቱን ሳይመረምሩ ግድግዳ እንደ ማቃናት ያለ ሥራ ነው።

ይህን የተሸሸገ ነገር ለማየት የተቻለው ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ጨረሩን ካገኘ በኋላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1896 መጀመሪያ ላይ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርሶች በራጅ ሲያስነሣ 25 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። በ1931 ደግሞ በአሜሪካ ብሮድቤንት፣ በጀርመን ሆፍራት፣ ራስን በአንድ ቦታ አጽንቶ የሚይዝ መሣሪያ ለየብቻቸው አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ዘንድሮ የተነሣውን ራጅ ከሦስት ዓመት በፊት ከተነሣው ጋር አስተያይቶ የመንጋጋን እድገት መለካት ተቻለ።

ዛሬ ለዚህ ሕክምና በብዛት የሚያገለግሉት ሁለት ዓይነት ራጆች ናቸው። አንደኛው በራስ ዙሪያ በሚዞር መሣሪያ የሚነሣው ሲሆን፣ የላዩንና የታቹን መንጋጋ ጥርሶች ሁሉ፣ የበቀሉትንም ያልበቀሉትንም፣ ባንድ ሥዕል ያሳያል። ሁለተኛው ፊትን ከጎን የሚያሳየው ነው። ጥፋቱ ከጥርሶቹ አቀማመጥ ነው ወይስ ከመንጋጋው አጥንት የሚለው በዚህ ይለያል። የታች መንጋጋው ከልክ በላይ ወደፊት ለወጣ ሰው ሽቦ ብቻውን ላይበቃው ይችላልና፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። የላይኛው ቋሚ ክራንቻ ብዙውን ጊዜ በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ ይበቅላል። ከመቶ ሰዎች ባንዱ ወይም በሁለቱ ግን መንገዱን ስቶ በአጥንት ውስጥ ይቀራል፤ አልፎ አልፎም የጎረቤቱን የፊት ጥርስ ሥር ይበላዋል። ሕመም ስለማይሰማው ልጁ አያውቅም። በጊዜው ከታወቀ የወተት ክራንቻውን በመንቀል ብቻ ቋሚው ብዙ ጊዜ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ከዘገየ ግን ድዱን ከፍቶ፣ ጥርሱን አስሮ ለብዙ ወራት መሳብ ያስፈልጋል።

ነገሩ ለሀገራችን ሌላም ትርጉም አለው። በአንዳንድ ስፍራ ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ትኩሳት ሲይዘው «የጥርስ ነው» ተብሎ፣ ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ ከድዱ ውስጥ ተፈልፍሎ ይነቀላል። ከሥሩ የሚገኘው የቋሚው ጥርስ ጽንስም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ሳይወጣ ሲቀር፣ ጥርሱ ጨርሶ የለም፣ ተበላሽቶ በቅሏል፣ ወይስ ደኅና ሆኖ ተጋድሟል? ለሦስቱም ሕክምናው የተለያየ ነው፤ የሚለያቸውም ራጅ ነው።

ይህን ስንል ግን ራጅ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ ራጅን ለጥርስ ሕክምና ቀድመው ካዋሉት አንዱ የነበረው የኒው ኦርሊንሱ ኤድመንድ ኬልስ፣ ለብዙ ዓመታት ለጨረሩ በመጋለጡ በመጀመሪያ ጣቶቹን፣ ኋላም ክንዱን አጥቷል። የዛሬው መሣሪያ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሁሉንም ጥርሶች ባንድ ጊዜ የሚያሳየው ራጅ የሚሰጠው ጨረር፣ ማንም ሰው ከምድርና ከሰማይ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከሚደርሰው የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይቀራረባል። ቢሆንም የልጆች አካል ለጨረር ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ «ለማንኛውም ይነሣ» ተብሎ የሚነሣ ራጅ መኖር የለበትም።

ስለዚህ አንባቢያችን ራጅ እንዲነሣ ሲታዘዝ «ይህ ራጅ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል? ውጤቱስ ሕክምናዬን ይለውጠዋልን?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። እርጉዝ የሆነች እኅታችንም አስቀድማ ትናገር። የተነሣውን ራጅ በጥንቃቄ ማስቀመጥና ሐኪም ሲለውጡ ይዞ መሄድ ሁለተኛ ከመነሣት ያድናል። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለንም፣ ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው ወደ ጥርስ ሐኪም እንውሰደው። ሐኪሙ ክራንቻውን በጣቱ ዳስሶ ካጣው፣ ያን ጊዜ ራጁ በእውነት ያስፈልጋል።