ልጃችን ምን ይማር? ለጅማና ለአካባቢዋ ወላጆችና ተማሪዎች

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ ቡናው ተሸጦ የልጅ የትምህርት ወጪ በሚታሰብበት ሰዓት በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አባት «ሐኪም ይሁን» ይላል፤ እናት «መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ ደመወዙን በየወሩ ይቀበል» ትላለች፤ ልጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ዝምታው ከአክብሮት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ስለ ሥራው ዓለም የሚያውቀው ወላጆቹ ከሚያውቁት እምብዛም ስለማይበልጥ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ከቡናው መራቅ ነው። «እኛ በጭቃው ደክመናል፤ አንተ ግን ከዚህ ውጣ» ይባላል።

ይህ ምኞት ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን ቡናውን ድካም ብቻ አድርጎ ማየት በደጃችን ያለውን ብዙ ሙያ እንዳናይ ያደርገናል።

ለምስክርነት የጅማን ቡና ታሪክ እንመልከት። በዓለም ገበያ «ጅማ አምስት» ተብሎ የሚታወቀው ያልታጠበ ቡና ከኢትዮጵያ ቡናዎች መካከል በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት አንዱ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ የመሬቱ ክፋት አልነበረም፤ ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ አብሮ መለቀሙ፣ ጀንፈሉም በመሬት ላይ ተሰጥቶ የአፈር ሽታ መያዙ ነው እንጂ። በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የማጠቢያ ጣቢያ አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከተመሠረቱት አንዱ የሆነው የዱሮሚና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ቡናው በዓለም አቀፍ ቀማሾች ተመዝኖ ከአፍሪካ አንደኛ ተባለ። ዛፉ ያው፣ ዝናሙም ያው ነው። የተለወጠው የእጅና የአእምሮ ሥራ ነው፤ ይኸውም ቀይ እሸት ብቻ መልቀም፣ በዚያው ዕለት መፈልፈል፣ ማጠብ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጡ እርጥበቱ ከመቶ ዐሥራ ሁለት እጅ ገደማ እስኪደርስ ማድረቅ፣ ለገበሬውም የሚከፈለውን ሒሳብ በትክክል መያዝ።

እንግዲህ በዚህ ውስጥ ስንት ሙያ እንዳለ ልብ በሉ። መፈልፈያው ሲሰበር የሚጠግን መካኒክ ያስፈልጋል፤ የማጠቢያው ውኃ ወንዙን እንዳያበላሽ የሚያስብ መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ ብድር ወስዶ የሚከፍል ማኅበር ያለ ሒሳብ ዐዋቂ አንድ ወቅት እንኳ አይዘልቅም። በአፉና በአፍንጫው የቡናን ደረጃ የሚለይ ቀማሽም ባለሙያ ነው፤ ምላሱ እንጀራው ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናን በደረጃ የሚመድቡ ባለሙያዎችን የሚፈልግ ነው።

ከጅማ ከተማ ብዙም የማይርቀው የመልኮ የምርምር ማዕከል ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ ባለሙያዎች በታመመው ቡና መካከል ያልታመመችውን ዛፍ እየፈለጉ ዘሯን ሰበሰቡ። ገበሬው ዛሬ «ሰባ አራት አንድ መቶ ዐሥር» እያለ የሚጠራት ዝርያ በ1974 ከመቱ አካባቢ ከቢሻሪ የተሰበሰበች ናት፤ በስሟ መጀመሪያ ያለው 74 ይህንኑ የአውሮፓውያን ዓመት ያመለክታል። ልጁን ከቡና ለማራቅ የሚደክም አባት ጓሮው ውስጥ የቆመችው ዛፍ በእነዚያ ባለሙያዎች ድካም የተገኘች መሆኗን ላያውቅ ይችላል።

ትምህርቱም ሩቅ አይደለም። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ተከፈተ፤ በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችን በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ ማስተማርን መታወቂያው አድርጎታል። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ ሆኖም ተማሪው የታዘዘውን ቀን ቈጥሮ የሚመለስ ከሆነ ያየው ነገር ከማስታወሻ ደብተሩ አያልፍም።

እውነቱን ለመናገር፣ «ሥራ የለም» የሚለው ጩኸት ሐሰት አይደለም። ዲግሪ ይዘው በወላጆቻቸው ቤት የተቀመጡ ወጣቶች ስንፍና ያስቀመጣቸው ብቻ አይደሉም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። የማጠቢያ ጣቢያ ሥራም ቢሆን በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ወራት የሚሞቅ፣ ከዚያ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ደመወዙ ዓመቱን ሙሉ ቤት ያቆማል ብሎ መመካት አይገባም። ስለዚህ እኛ የምንመክረው ሁሉም የቡና ባለሙያ ይሁን ብለን አይደለም። ለሕክምና ፍቅርና ትዕግሥት ያላት ልጅ ሐኪም ትሁን። ምክራችን ተማሪው የትምህርቱን ዓይነት ከመቍረጡ በፊት ሥራውን በዓይኑ እንዲያይ ነው።

ይህንንም ከመጀመሪያው ዓመት መጀመር ይበጃል። የሒሳብ ተማሪ የአንድን ማኅበር የክፍያ መዝገብ በመገልበጥ ቢረዳ፣ የምሕንድስና ተማሪ ከመፈልፈያው ጠጋኝ አጠገብ አንድ ሳምንት ቢቆም፣ ለክፍል ፈተና ያነበበው ነገር ትርጕም ያገኛል፤ ሥራው የማይስማማውም ከሆነ አራት ዓመት ሳያጠፋ ያውቀዋል። ከመጽሐፍ ጋር ሁለት ቋንቋ ያስፈልገዋል፤ ከገበሬው ጋር የሚነጋገርበት ኦሮምኛና ከገዢው ጋር የሚጻጻፍበት እንግሊዝኛ። አማርኛ ብቻ ይዞ ወደ ቀበሌ የወጣ ምሩቅ በአስተርጓሚ ሲንገላታ ማየት የሚያሳዝን ነው።

ወላጆችም ልጁ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ «ስንት አመጣህ?» ከማለት አስቀድመው «ምን ሠርተህ አየህ?» ብለው ቢጠይቁት እንወዳለን። አስቸጋሪው ነገር ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ትምህርቱ በሚጠናበት ወራት መሆኑ ነው። ስለዚህ ተማሪው በየቅዳሜው ለመሥራት ቢያስብ፣ ፍሬው ሳይቀላ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም የወቅቱን ሠራተኛ መቅጠር ሳይጨርስ፣ በመስከረም ሄዶ ራሱን ያስተዋውቅ።